ተከራክሬ ያስቀነስኩት ቁጥር

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ሁለት መነጽርና አንድ የመሸጫ በረንዳ ፈጅቶብኛል። መነጽሮቹ ዛሬም አሉ። በረንዳው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

በረንዳው ዱባይ ተራ ነበር፤ ደርግ ወርዶ የውጭ ጨርቅ እንደልብ መግባት በጀመረባቸው ዓመታት። ባለቤቱ ከወሎ የመጡ አዛውንት ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ትልቁ ሱቃቸው ደጅ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከወዲህ፣ መጋዘናቸው በረንዳ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቼ በእምነት የሚሰጡኝን ጣቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ውል የሚባል ወረቀት በመካከላችን አልነበረም። ውላችን ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ሲያነሱልኝ እጄን ማንሳቴ ነበር።

ዐይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አያይም። ትምህርት ቤት የነበረው ጥቁር ሰሌዳ ለእኔ ጥቁር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ ተለያየን። ገበያ ግን ዘዴ አስተማረኝ፤ ሰው የሚመስለውን ነገር ሁሉ ሰላም እላለሁ። ጭነት የተሸከመ ኩሊ፣ የማላውቀው መንገደኛ፣ አንዴማ ሱቅ ደጅ የቆመ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሳይቀር ሰላምታዬ ደርሶታል። «ይሄ ልጅ ትሑት ነው» ይሉኝ ነበር። ትሕትናዬ ከየት እንደመጣ አላስረዳኋቸውም።

ሚስቴ ስታረግዝ «ልጅህን በድምፅ ነው የምትለየው?» ብላ ክሊኒክ ላከችኝ። ሐኪሟ መርምራ ለሁለቱም ዐይኖቼ ማይነስ አራት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ይዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ መነጽር ቤት ገባሁ። ሻጩ ዋጋውን ነገረኝ። ግማሹን ጠራሁ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጨርቅ አይደለም። አይቀንስም።»

«እሺ፣ ዋጋው ካልቀነሰ ቁጥሩን ቀንስልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሐኪም የጻፈውን?»

«አራት ብዙ ነው። ትልቅ ቁጥር ዐይን ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለት አድርገው።»

«ሦስት ተኩል።»

«ሁለት ከሩብ።»

ሁለት ተኩል ላይ ተጨባበጥን። በሕይወቴ ተከራክሬ እንደዚያ ቀን የረካሁበት ጊዜ የለም።

መነጽሩን አድርጌ ጠረጴዛዬ ጋ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ የቆመችው ደንበኛ ቅንድቧ ሳይቀር ታየኝ። ማየት ይሄ ነው ብዬ ደመደምኩ። መከራዬም ከዚሁ ጀመረ፤ የሚያይ ሰው ስለሆንኩ፣ ያልለየሁትን ሰው ሰላም ማለት ተውኩ።

በዚያ ሰሞን ሐጂ ታመው ብዙ ሰንብተው ነበር። ተሽሏቸው በከዘራ ተደግፈው የወጡ ዕለት ገበያተኛው ትከሻቸውን ሊስም ሱቃቸው ደጅ ተሰበሰበ። እኔ ጣቃ ተሸክሜ ከወዲህ በኩል አልፋለሁ። ሰው መሰብሰቡ ታይቶኛል፤ ዕቃ እየወረደ መሰለኝ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሐጂ ከሰዉ መሃል እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ ዞር ብዬ ፊት ለፊት አየኋቸውና መንገዴን ቀጠልኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

በማግስቱ የሱቃቸው ሠራተኛ መጣ። «ወሩ ሲያልቅ በረንዳውን ልቀቅ ብለዋል።»

«ምን አደረግኩ?»

«እሱን መነጽርህን ጠይቀው።»

ሮጬ ተሻገርኩ። «ሐጂ፣ ወላሂ አላየሁዎትም።»

«ሳታደርገው በፊት ታየኝ ነበር» አሉ። «አድርገኸው ነው አላየሁም የምትለኝ?»

ደንግጬ መነጽሩን አወለቅኩ። «አሁንማ ጭራሽ እንዳያያቸው አወለቀው» አለ አንዱ፤ ደጅ የቆመው ሁሉ ሳቀ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሻያቸውን ጠጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሌላ ባለሱቅ ጋ ቦታ ስለምን «ሐጂን ዘግተህ ያለፍከው አንተ ነህ?» ይለኛል። መንገድ ላይ ሰላም እላለሁ። አይመልሱልኝም፤ ወይም ይመልሱልኛል፣ እኔ አይታየኝም። የትኛው እንደሆነ አለማወቄ ነው ያቃጠለኝ። ሚስቴ ቀኗ እየደረሰ ነው። ቤት ስገባ ምን ሸጥክ ማለት ትታ፣ ሐጂ ምን አሉ ትለኛለች። ግድግዳውን አያለሁ፤ ግድግዳውም በወጉ አይታይም።

ዐይኔ የባሰበት መስሎኝ ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ። መነጽሩን መሣሪያዋ ላይ አድርጋ አየችው።

«ይሄ እኔ የጻፍኩት አይደለም።»

«ተከራክሬ አስቀንሼው ነው።»

መነጽሩን መለሰችልኝ። ከዚያ «ሜትር አለህ?» አለችኝ። ጨርቅ ሻጭ ሜትር ከኪሱ አይለይም፤ አወጣሁ። «መቶ ሳንቲሜትርን ለአራት አካፍል። ሃያ አምስት ነው። ያለ መነጽር አጥርተህ የምታየው እስከዚያ ብቻ ነው። ይሄ መነጽር ሁለት ተኩሉን ሸፈነልህ፤ አንድ ተኩል ቀረህ። መቶን ለአንድ ተኩል አካፍል።»

«ስልሳ ስድስት ከምናምን።»

«ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይደበዝዛል። ቁጥሩ ዋጋ አይደለም፣ የጎደለህ ልክ ነው። ሙሉውን ስላደረግክ ዐይንህ አይበላም። በየዓመቱ ተለካ። አትከራከር።»

ጠረጴዛዬን ለካሁት። ከዐይኔ እስከ ደንበኛ ፊት ስልሳ ሳንቲሜትር ነው። ለመሸጥ የሚበቃኝን ያህል ገዝቼ ነበር፤ ለመኖር የሚበቃውን አስቀንሼዋለሁ።

ያለ የሌለኝን ሰብስቤ ባለ አራቱን መነጽር አሠራሁና በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ ማዶ አየሁ። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። በሽታው ግማሽ እንዳደረጋቸው ያኔ ነው ያየሁት። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። እጄን አነሳሁ። ዐይናቸውን ወደ መሬት ሲያወርዱ በደንብ ታየኝ። አሮጌውን አድርጌ ቢሆን ይሄ ይቀርልኝ ነበር።

ሁለቱን መነጽሮችና ሜትሬን ይዤ ተሻገርኩ። አሮጌውን አደረግኩ፤ የሜትሩን አንድ ጫፍ ጉንጬ ላይ ይዤ ሌላውን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«እዚህ ጋ ፊትዎ መደብዘዝ ይጀምራል። መንገዱን ደግሞ እርስዎ ይለኩት።»

ሜትሩን አዩ፤ ቀጥሎ ማዶ ያለውን በረንዳ አዩ። «ታዲያ ያን ቀን ምን አየህ?»

«የተሰበሰበ ሰው። ዕቃ እየወረደ መሰለኝ።»

ሐጂ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ቆመ። «አፉ ብያለሁ፣ ልጄ። በረንዳውን ግን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ሰው ፊት ነው ቃል የገባሁት። ቃሌን ልጠፈው?»

«አይሆንም፣ ሐጂ።»

«አይሆንም» አሉ፤ የሜትሩንም ጫፍ መለሱልኝ።

ልጄ ስትወለድ አዟሪ ሆኜ ነበር፤ ጨርቅ በትከሻዬ፣ ከዱባይ ተራ እስከ እህል በረንዳ። በየዓመቱ እለካለሁ። ቀኝ ዐይን ማይነስ አራት ከሩብ፣ ግራ ዐይን ማይነስ አራት ተኩል። ሐጂ ይቅር ብለውኛል። በረንዳ የለኝም።