የጋላክሲ ዳርና የእህቴ ሰርግ

በድግስ ላይ እንግዳውን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ፣ ወጡ ግን ከቁጥራችሁ ቀድሞ አልቆባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም በእህቴ ሰርግ፣ ያውም የፊዚክስ መምህር ሆኜ።

የማስተምረው ሰበታ ነው፤ ሰርጉ ቡራዩ፣ ወላጆቼ ቤት ነበር። አባቴ "አንተ ሥርዓት ትወዳለህ" ብሎ የምግቡን ነገር ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ድንኳኑ ውስጥ በየረድፉ እየዞርኩ ቆጠርኩና ወረቀቴን ይዤ ወደ ዋናዋ ወጥ ሠሪ ሄድኩ። በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ የሰፈራችን ሴት ናቸው።

"እማማ፣ ድንኳኑ ውስጥ መቶ ስልሳ ሰው አለ። ከሁለቱ ድስት አንዱ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ለሙሽራው ወገን ይቆይ። ጥሬው ሥጋ ደግሞ ለነገ ይደር።"

"እሺ ባርሲሳ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። "አንተ ካልክ።"

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስጠሩኝ። የመጀመሪያው ድስት ተሟጧል፤ ሁለተኛውም ወደ ማለቁ ነው።

"ሰርቀውን ነው እንዴ?"

"ሌባ ከምትፈልግ ሳህኖቹን እይ" አሉ በጭልፋቸው እየጠቆሙ። "ወደ መሃል የሚመላለሱት አስተናጋጆች ቀዝቀዝ ብለዋል፤ መሃሉ ጠግቧል። ከበሩ ወዲያ የሚወጡት ግን እስካሁን ይሮጣሉ። እዚያ ሰው ከሌለ ለማን ነው የሚሮጡት?"

ወጥቼ አየሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ሳህን የሚያጥቡ ሴቶች፣ በአጥሩ ጥግ ድንኳኑን የተከሉት የእድር ሰዎች፣ ጎረቤት ተከራይተው የሚኖሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ከነጓደኞቻቸው፣ ባጃጃቸውን ያቆሙ ሾፌሮች፤ ከዚያም ኮብልስቶኑ እስከሚያልቅ ድረስ ሁለት እዚህ፣ ሦስት እዚያ። የትም ተጨናንቀው አይታዩም። ሲደመሩ ግን ከድንኳኑ ሰው ይበልጣሉ።

የሚያሳፍረው፣ በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ትምህርት ይኸው ነበር። በግዙፍ ጋላክሲ ውስጥ ከዋክብት ወደ መሃል ተሰብስበው ያበራሉ፤ እዚያ አብዛኛው ክብደት የእነሱ ነው። ብርሃን የማይሰጠው ጨለማ ቁስ ግን ከዋክብቱ ከሳሱበት አልፎ እጅግ ሩቅ ይዘረጋል። በየቦታው ስስ ነው፤ የተዘረጋበት ቦታ ሰፊ ስለሆነ ግን ድምሩ ከከዋክብቱ በብዙ ይበልጣል። የሚታወቀውም በዳር ያሉ ነገሮች ከሚንቀሳቀሱበት ፍጥነት ነው። የሚስባቸው ክብደት ብርሃኑ ባለበት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከመሃል በራቁ ቁጥር ዝግ ማለት ነበረባቸው። እንደተጠበቀው ዝግ አይሉም፤ እዚያም የማይታይ ክብደት ይስባቸዋል ማለት ነው። በእርግጥ ምሳሌዬ አንድ ጉድለት አለው፦ የእኛን እንግዶች ወጥቼ አየኋቸው፣ ጨለማ ቁስን ግን እስካሁን ማንም አላየውም።

ይህን ሳስብ ከአስፋልቱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የሙሽራው ወገን መጣ! አባቴ በር ላይ ቆሞ ጋቢውን ያስተካክላል፤ አማቾቹን በባዶ ድስት ሊቀበል እንደሆነ አያውቅም።

"ያንን የነገ ሥጋ አምጣ!" አሉ ወጥ ሠሪዋ። "ጥብሱን እስካደርስ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ።"

በሩን ይዘው ሙሽራውን አናስገባም እያሉ ወደሚዘፍኑት የእህቴ ሚዜዎች ሮጥኩ። "ቶሎ እንዳትለቋቸው! ግማሽ ሰዓት!"

"አንተ አይደለህ እንዴ በፕሮግራሙ ላይ 'የበር ዘፈን፣ አምስት ደቂቃ' ብለህ የጻፍከው?" አለች አንዷ።

"ፕሮግራሙን ቅደጂው!"

ያዙልኝ። የሙሽራው ሚዜዎች ለመኑ፣ ዘፈኑ፣ ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ ሲገቡ ጥብሱ እየተንቸሰቸሰ ጠበቃቸው። አባቴ "ምነው ልጆቹ ዛሬ ጨከኑ?" ከማለት በቀር ምንም አላወቀም።

ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ የሳልኩት ድንኳን ነበር።

እናንተም ሞክሩት። በሚቀጥለው ድግስ ከወጥ ሠሪዎቹ አጠገብ ቁሙ፤ ወደ መሃል የሚሄዱትንና ወደ ዳር የሚወጡትን ሳህኖች ለየብቻ ቁጠሩ። ውጭ ወጥታችሁ ሰዉን ከማየታችሁ በፊት ግን ግምታችሁን ጻፉ።