ከበርሜሉ ሥር የተቀመጠችው እንቁራሪት

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አስም አለባቸው። እኔና ባለቤቴ አቦከር ሰፈር ያለው ቤታቸው ገብተን አብረናቸው መኖር የጀመርነው ሕመሙ ስለበረታባቸው ነው። እኔ ባዮሎጂ ላስተምር ተመድቤ ሐረር የመጣሁ እንግዳ ነኝ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው።

በክረምቱ አንዲት እንቁራሪት መጥታ ከግቢው የውሃ በርሜል ሥር ተቀመጠች። አማቴ መጀመሪያ ተጸይፈዋት አውጥቼ እንድጥላት አዘዙኝ። ሳልጥላት ቆየሁ። በረንዳው ላይ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሲጠብቁ ግን ዓይናቸው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ከፍ ዝቅ ይላል፣ አያርፍም። እሷም እንደሳቸው ታማ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ጤነኛ ናት አልኳቸው። እንደኛ ደረቷን አስፍታ አየር የምትስብበት የጎድን አጥንት የላትም፤ በአፍንጫዋ ያስገባችውን አየር አፏን እንደዘጋች በጉሮሮዋ ገፍታ ሳንባዋ ውስጥ ታስገባዋለች፤ መዋጥ በሉት። በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ ቆዳዋ እርጥብ ካልሆነ ግን አየሩ አያልፍላትም።

"ከደረቀችስ?" አሉ።

"ትታፈናለች።"

ከዚያ ወዲያ ጣያት አላሉኝም።

ዝናቡ ሲያባራ ከበርሜሉ ሥር ያለው መሬት መሰነጣጠቅ ጀመረ። የቧንቧ ውሃም ጠፋና ባለቤቴ ከሸዋ በር ጀሪካን በባጃጅ እያስጫነ ያመጣ ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እናቱ ከጀሪካኑ በጣሳ እየቀዱ መሬቱን ሲያረጥቡ ደረሰ። ቢያንስ የልብስ እጣቢ ቢያፈሱ ምናለ አላቸው። ሳሙናው በቆዳዋ እንደሚገባ ነግሬያቸው ስለነበር እምቢ አሉ። እሱም ሰው ውሃ በተቸገረበት ጊዜ ይሄ ብክነት ነው ብሎ ተቆጣ።

አማቴ ጣሳውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ለመናገር ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባቸው።

"እኔን ሲያፍነኝ ስንት ጊዜ እንቅልፍህን አጥተሃል። ያንንም ብክነት ትለዋለህ?"

ባለቤቴ ጀሪካኑን ከድኖ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ግን ፊቱን ያለ ሳሙና እዚያው በርሜሉ ሥር ሲታጠብ አየሁት። እኔም ተከተልኩት።

በጋው ሲገፋ እንቁራሪቷ ጠፋች። አማቴ በበትራቸው የግቢውን ጥግ ሁሉ ፈተሹ። አንዳንድ እንቁራሪቶች አፈር ውስጥ ገብተው፣ በጥቂት አየር ብቻ፣ ዝናብ እስኪመጣ እንደሚቆዩ ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ እስካሁን የጎረቤት ድመት በላቻት ነው የሚሉት። መሬቱን ማርጠቡን ግን አልተዉም።