እግር መዘርጊያ

ግንበኛ ነኝ። ሌላ ሰው እስር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እስረኞቹን ይሆናል፤ እኔ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ብሎኬቱ ውሃ ልክ ሳይነካው የተደረደረ፣ ወደ ውስጥ ያዘመመ ነበር። «መታሰር የነበረበት ይህን የገነባው ሰው ነው» አልኩ። በሩን የሚዘጋው ፖሊስ አልሳቀም።

የታሰርኩት በደብረ ማርቆስ ዳር የጭቃ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ዝርዝር ይዤ ቢሮ ለቢሮ በመዞሬ ነው። የቤት ማኅበር እናቋቁም፣ መሬቱን ስጡን፣ የምንሠራው እኛው ነን የሚል ነበር ጥያቄያችን። «ሰው አነሳስተሃል» ተባልኩ።

ክፍሏ ሃያ ሁለት ሰው ታጉሮባታል። ካቦ የሚባለው የእስረኞቹ አለቃ ከነጓደኞቹ በመስኮቱ በኩል ፍራሽ ላይ ተንፈላሶ ይተኛል፤ የቀረው ሰው ተጣብቆ ነው። በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ጉልበታቸውን አቅፈዋል። መጋደሚያ ስለሌላቸው ሁልጊዜም ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ ደረታቸውን ይዞታል፤ ሲያስሉ አንጀት ይበላሉ።

ካቦው የአክስቱን አጥር የገነባሁት እኔ መሆኔን ሲሰማ በመስኮቱ በኩል ቦታ ለቀቀልኝ። እውነቱን ልናገር፣ አመስግኜ ተጋደምኩ። ለድሀ ቤት ጠያቂው እኔ፣ ስድስት ቀን እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ስንቄን ላካፍላቸው ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ከአምበር ገጠር መጥተው የእህል መጋዘን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የታሰሩት ቤታቸው ሲፈርስ አልወጣም ብለው ነው።

«ልጄ፣ ያ ዝርዝርህ ውስጥ እኔ አለሁበት?»

«የቀበሌ መታወቂያ አለዎት፣ አባባ?»

«ቁጥር ለሌለው ቤት ማን መታወቂያ ይሰጣል?»

መታወቂያ የሌለው አይመዝገብ ያልኩት እኔው ነበርኩ፤ ጥያቄያችን እንዳይበላሽ ብዬ። ከሁሉም በላይ ቤት በቸገረው ሰው ላይ፣ ቤት ስለሌለው ብቻ በር ዘግቼበታለሁ። አፈርኩ።

ሹራቤን ተርትሬ ክር አወጣሁና በየክንዱ እየቋጠርኩ ወለሉን ለካሁት። ፍራሾቹ ቢነሱና ባልዲው ወደ ጥጉ ቢገፋ ሃያ ሁለቱም በጎናቸው ይተኛሉ። ለካቦው ነገርኩት።

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይተኛል፤ ሕጉ ይኸው ነው» አለኝ።

ሽማግሌው ካሉበት ሆነው ተናገሩ። «በእኛ አገር መሬት ሲካፈሉ፣ ገመድ ያዡ የሚወስደው የመጨረሻውን ነው። ያን ጊዜ ማንም አያማውም።»

«የመስኮቱን ትቼ የመጨረሻውን እወስዳለሁ» አልኩ።

ተጣብቀው የሚተኙት ማጉረምረም ጀመሩ። ካቦው ዙሪያውን ቃኘና ብዛታቸውን አይቶ፣ «እስቲ ይሞከር» አለ።

ሁሉም የየራሱን ዕጣ አመጣ፤ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ። ዕጣ የሚጥለው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው መሆን ስላለበት፣ ለቆጠራ የገባውን ፖሊስ ለመንነው። ነገሩ ሲገባው ሳቀ። «እኔንም ጨምሩኝ፣ ተከራይ ነኝ» አለና በለካኋቸው ቦታዎች ላይ አንድ በአንድ ጣለልን።

የካቦው ክብሪት ከበሩ ሁለተኛው ቦታ ላይ ወደቀ። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ብርድ ልብሱን ራሱ ጎትቶ ሄደ። የሽማግሌው ቁልፍ መሀል ላይ፣ ግድግዳው ሥር አረፈ። እዚያው በቀን ብርሃን ተጋደሙና እግራቸውን ቀስ አድርገው ዘረጉ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። «ተመስገን» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። የባልዲው ጎን ለእኔ ቀረ። ሽታው አይቻልም፤ ደስታዬም እንደዚያው ነበር።

ማኅበሩ ዛሬ ተቋቁሟል። እንደተፈታሁ መጀመሪያ ያደረግነው መታወቂያ የሚለውን መስመር መሰረዝ ነው። መታወቂያ የሌለው ሦስት ጎረቤት አስመስክሮ ይመዘገባል፤ ሽማግሌውም ሲፈቱ በዚሁ ተመዘገቡ። ቢሮው ይህን እስኪቀበል ጫማችን አልቋል። መሬቱን በገመድ ያካፈልኩት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ቤት ከሁሉም ዳር፣ የፈፋው አፋፍ ላይ ናት። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሚስቴ ታነሳብኛለች።

የሽማግሌውን መሠረት ከመቆፈሬ በፊት፣ ክፍሉ ምን ያህል ይርዘምልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋቢያቸውን መሬቱ ላይ አንጥፈው ተጋደሙና እግራቸውን ዘረጉ። በራስጌያቸውና በግርጌያቸው ችካል መታሁ።

«ሌላ አንድ ሰው የሚያስተኛ ጨምርበት» አሉ እንደተጋደሙ። «እንግዳ ቢመጣ ቁጭ ብሎ እንዳያድር።»