የሰፋሁት የበሬ ልብ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በግቢያችን ማንጎ ሥር የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ታላቅ እህቴ፣ ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ። እናቴ፣ ከጎኗ ምንጣፍ ላይ። የጤና ረዳቱ፣ ባለችን አንድ ወንበር ላይ። ጎረቤታችን የቄራው ሥጋ መርማሪ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ። እኔ ደግሞ ትሪ ላይ ከተቀመጠ የበሬ ልብ ፊት ቆሜ። ስድስተኛ ሰው አልነበረም። እዚያ ነበርኩ የሚሉ ሌሎች ሰምቻለሁ፤ አልነበሩም።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ የአንድ ቢሮ ታፔላ ይሰቀላል፤ አንዳንዱም ተነቅሎ ሌላ ቤት ላይ ይሰቀላል። እኔ ገበያው ዳር ራዲዮ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ፣ የፈታሁትን ወረቀት ላይ ስዬ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ፈትቼ ያላየሁትን ነገር አላምንም ነበር።

የእህቴ ልብ በግራ በኩል አንዱ በሩ ጠቦ ነበር። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያመማት በሽታ ነው ጠባሳ የተወበት አሉን። ከቤት እስከ ቦኖ ውሃው ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ከአዲስ አበባ ሆስፒታል የመጣው ደብዳቤ ደረቷ ሳይከፈት ሊረዷት እንደሚችሉ ይናገራል። ቀጭን ቱቦ በብሽሽቷ የደም ሥር ገብቶ ወደ ልቧ የቀኝ ክፍል ይወጣል። ከዚያ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል መሻገሪያ ስለሌለ፣ በመካከል ያለውን ግድግዳ በመርፌ ይበሱታል። በቀዳዳው ፊኛ አሳልፈው የጠበበውን በር ያሰፉታል።

ምርጫው ሁለት ነበር፤ ልዩነቱም አበሳሱ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው ሐኪም መርፌውን በራጅ ጥላና በእጁ ስሜት ይመራል። ከላይ ወደ ታች ሲስበው፣ ጫፉ ግድግዳው ላይ ያለች ስስ ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ ሲል ይሰማዋል፤ ያኔ ይገፋል። ክረምቱ ሲወጣ የሚመጡት ግን፣ መርፌው ያው ሆኖ፣ በጉሮሮዋ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ያወርዳሉ። ግድግዳው በመርፌው ጫፍ እንደ ድንኳን ሲወጠር በስክሪን ያዩና ትክክለኛው ቦታ መሆኑን አረጋግጠው ይገፋሉ። ለየትኛው እንደምትመዘገብ ፈርማ እንድትልክ ተጠይቃለች።

«አንተ ያልከው ላይ እፈርማለሁ» አለችኝ።

ደብዳቤውን ተጠራጠርኩት። መርፌው አንድ ከሆነ ለምን አራት ወር ትጠብቃለች? ጠብቁ ማለት በሌላ አነጋገር ተዉት ማለት ይሆን? የጤና ረዳቱንም ተጠራጠርኩት። እናቴ «ዶክተር» ስትለው አያርማትም። «የኋለኞቹ ይሻላሉ» ያለኝ ጊዜም የሚያየው ደብዳቤውን እንጂ እህቴን አልነበረም።

ስለዚህ ልብ ገዛሁ። ከብስክሌት ጎማ አንድ ሽቦ አውጥቼ ጫፉን በሞረድ አሾልኩት፣ ትንሽም አጎበጥኩት። የገዛኋቸው ሦስቱም ልቦች ከውጭ ተቆርጠው ነበር። የሉካንዳው ቢላ መስሎኝ በጆንያ መስፊያ እየሰፋሁ ዘጋኋቸው። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሽቦውን በትልቁ የደም ሥር አስገባሁ። ከላይ ወደ ታች ስስበው ዘፍ አለ። ስገፋው አለፈ። ሦስቱም ላይ እንደዚያው። ደብተሬ ላይ «እጅ ብቻውን ይበቃል» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ሁሉንም ጠርቼ እንደዚያው በሰፋሁት አራተኛ ልብ አሳየኋቸው።

«ራዲዮ ስትጠግን ትርፍ ብሎን ይቀርሃል» አለች እህቴ። «እኔን ስትጠግን ምን ሊቀርህ ነው?»

እናቴ በአማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርጋለች። እህቴን እያሳየች፣ «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ይድናል? ወላሂ፣ እውነት ንገረኝ» አለች።

«ኢንሻላህ፣ እናቴ» አለ የጤና ረዳቱ። «ግን ይህ የሞተ በሬ ነው።»

«ግድግዳ ግድግዳ ነው» አልኩት። ሽቦውን አስገባሁ፤ ዘፍ አለ፤ አለፈ። ደብዳቤው እህቴ ጭን ላይ ነበር፣ እስክሪብቶውም እጇ ውስጥ። «የፊተኛው ሐኪም ይበቃል» ልል አፌን ከፈትኩ።

ሥጋ መርማሪው ሳቁን ለቀቀው። ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው፤ ሲስቅ መላ ሰውነቱ ይስቃል። «አብሽር፣ የእኔ ሐኪም! ይህን በር እኮ የከፈትኩት እኔ ነኝ!»

«የቱን በር?»

«የኮሶ እጭ እንዳይኖርበት መሐሉን ሰንጥቄ ሳላይ አንድም የበሬ ልብ ከቄራ አይወጣም። አንተ ውጩን ሰፍተህ የውስጡን ረሳኸው።»

ክሩን በጥሼ ገለጥኩት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሽቦዬ አራቱንም ጊዜ ያለፈው በቢላ መንገድ ነበር።

እሱንም ቢሆን በቃሉ አላመንኩትም። ሰኞ ቄራ ሄድኩ። ያልተነካ ልብ አቀረበልኝና «ቶሎ በል፣ ካንተ በኋላ ሥራዬን እሠራለሁ» አለኝ። ሽቦው ግድግዳው ላይ ተንሸራተተብኝ። ገፋሁት፤ ግድግዳው እየተለጠጠ አብሮት ሄደ። አጥብቄ ስገፋው በድንገት ለቀቀ፣ አለፈ ብዬም ደስ አለኝ። ሥጋ መርማሪው ልቡን ገልብጦ አሳየኝ። ጫፉ በጀርባ በኩል በውጨኛው ግድግዳ ወጥቶ ነበር።

እህቴ ለኋለኞቹ ፈረመች። ያን ክረምት በየቀኑ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር፤ ጠብቂ ማለቴንም እጠራጠር ነበር። ወደ ቦኖው የምታርፈው አምስት ጊዜ ሆነ። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ከሕክምናው ክፍል ሲወጣ፣ ግድግዳው ወፍራም ስለነበር መርፌው መጀመሪያ ከቦታው እንደተንሸራተተ፣ በስክሪን አይቶ እንደመለሰው ነገረኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ይሆን ብዬ እሱንም ጠረጠርኩት። እህቴ ግን ዛሬ ቦኖው ድረስ ሳታርፍ ትሄዳለች።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያን ቅዳሜ ጭኗ ላይ የነበረው ደብዳቤ እኔ ጋ አለ፤ ፈርማ የላከችው ሌላ ቅጂ ነው። በሚቀጥለው ወር ይመጣ ከነበረው ሐኪም ትይዩ ባለው የፊርማ ቦታ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ የእስክሪብቶ ጭረት አለች። እኔ የማስታውሰው አፌን መክፈቴን ብቻ ነው። እህቴ ግን «ብለኸኛል፤ መፈረም ጀምሬ ነበር» ትላለች። እናቴ፣ የጤና ረዳቱ፣ ሥጋ መርማሪው፣ እዚያ ነበራችሁ። ተናግሬ ነበር? እስክሪብቶው ወረቀቱን የነካው ከሳቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የምታስታውሱትን ጨምሩበት፤ የእኔን ብቻ አላምነውም።