የዓሣው ሳጥን ክዳን

መብራት ሄዶ ፍሪጁ ድምፁን ሲያጠፋ፣ እኔም በሐሳብ ከጎንደር ተነስቼ ጎርጎራ እገባለሁ።

ያኔ ልጅ ሳለሁ የአባቴ ጀልባ ሞተር ጣና መሀል እንዲህ ቀጥ አለብን። ያጠመደውን ቆሮሶ ዓሣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ ከበረዶ ጋር ሳጥን ውስጥ ደርድሮ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በረዶው ቀልጦ ከሳጥኑ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። አላስቻለኝም፤ ክዳኑን ከፍ ሳደርግ እጄን መታ አደረገኝ።

«ተይ! ማየት ልብ ያሳርፋል እንጂ ዓሣ አያቀዘቅዝም። በከፈትሽው ቁጥር ሙቀት ይገባበታል።»

ልብ ማሳረፍ ምን ክፋት እንዳለው አልገባኝም። እሱም ቢሆን የሞተሩን ገመድ እየጎተተ ዓይኑን ከሳጥኑ አልነቀለም።

ዛሬም መብራት ከሄደ ቆይቷል። ወጥ ቤት ስገባ አባቴ ፍሪጁን ከፍቶ የእናቴን ኢንሱሊን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ቅዝቃዜው እንዳልለቀቀው ሊያውቅ።

«አባባ፣ ተው እንጂ! ሙቀት ይገባበታል።»

መልሶ ዘጋው። ግን አልሄደም፤ እጁ መያዣው ላይ ቀረ።

«እንግዲያው አንቺ እይልኝ» አለ።

ከፈትኩት።