ያልተሳፈረችው ልጅ

ሰሞኑን በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ቴሌግራም ላይ አንድ ጥያቄ ተለጠፈ። ከዚህ በኋላ ወጣቱ የሚሻማበት ምን ዓይነት ልቦለድ ይሆን? የሚል። አንዱ የወንጀል ምርመራ አለ፤ ሌላዋ አጋንንት ያለበት ፍቅር። መልሱን የምታውቀው እህቴ ሰናይት ነበረች። ካረፈች አምስት ወሯ ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥቅምት፣ የጻፈችውን ልቦለድ ለአሳታሚ ለማሳየት ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን አብረን ሄድን። ጉም ስለነበር የአውቶቡሱ ሾፌር ነግቶም መብራት አብርቷል። የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ነበር። እሸት ጣት ያቆሽሻል፤ ስለዚህ ልቦለዱ ያለባቸውን አራት ደብተሮች በእኔ ሹራብ ጠቀለለቻቸው። በረደኝ።

መጽሐፍ የሚሸጡና የሚያሳትሙ ሰውዬ መጀመሪያውን ቆመው አነበቡ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ዘለሉ።

«ጎበዝ ነሽ። ግን ባለታሪኳ ልጅ ለምን አዲስ አበባ አትሄድም?»

«ትቀራለቻ፣ ጋሼ።»

«መኪና ካልተሳፈረች ማን ያነባታል?»

«እርስዎ የት ነው ያደጉት?»

«እዚሁ፣ ጠባሴ።»

«ታዲያ ከእርስዎ ሕይወት ልቦለድ አይወጣም?»

ሳቁ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም፤ ልጅቷን ካሳፈረቻት ያሳትማሉ፣ አለዚያ አይሆንም።

«አንድ ገጽ እኮ ነው፤ አሳፍሪያትና እንገላገል» አልኋት። ዛሬም ያሳፍረኛል።

«አንተ ዝም በል። ያልሄዱ ሰዎች ልቦለድ ይመጣል። አንባቢው ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው» አለችና ደብተሮቿን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ቴሌግራም ላይ ትለቅ ጀመር። ከሰላ ድንጋይ፣ ከአረርቲ የማናውቃቸው ልጆች ሊያነቡ መጡ። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖር አንዲት ልጅ፣ «መሄዱንስ እኛ እናውቀዋለን። አንድ ቦታ እንዴት እንደሚኖር ጻፊልን» አለቻት። ሰናይት ስልኩን ሰጠችኝና ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

ሁለት ምዕራፍ ሲቀራት ታመመች። ለሕክምና አዲስ አበባ ተወሰደች፤ አልተመለሰችም።

የቀረውን ከደብተሯ የተየብሁት እኔ ነኝ። መጨረሻዋ ገጽ ላይ እጄ ብዙ ቆየ። አንድ ፊደል ሳልነካ ትናንት ለቀቅሁት። ፋሽን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሦስት ልጆች የራሳቸውን ጽሑፍ ልከውልኛል፣ ሁሉም ስለ ሰፈራቸው። የመጠለያዋ ልጅ የጻፈችው አንድ መስመር ነው።

«ልጅቷ ቀረች አይደል?»

ለቀስተኛው ሁሉ ስለ እህቴ «እንደወጣች ቀረች» ሲል ቃሉን መስማት አልችልም ነበር። አሁን ራሴ ጻፍሁት፣ አንዲት ልጅ ደስ እንዲላት።

«አዎ፣ ቀረች።»