የሌላ ሰው ለቅሶ የተቀበልኩበት ኤግዚቢሽን

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ልናገር ብዬ ደጋግሜ ፊታቸው ቆሜአለሁ፤ ግን ጾም መግደፌንና ሰው ማማቴን ዘርዝሬ፣ ዋናውን ውጬ፣ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። እሳቸውም "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። እንግዲህ ያ ራሱ ሌላ ኃጢአት መሆኑ ነው። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች፣ እናገራለሁ። ለምን ለእናንተ እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት ፊቴን ስለማታዩኝ ይሆናል።

የሞተች ጓደኛዬ እህት ነኝ ብዬ ጃፓን ድረስ ሄጃለሁ። እናቷ ሊቀመጡበት የሚገባ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በሕይወት ያሉትን እናቷን ሞተዋል ብያለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ እንዴት እንደሆነ ነው እንጂ ለምን እንደሆነ አይደለም፤ ለምኑን እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም።

ጓደኛዬ ሂሩት አበበ ትባላለች። እኔ ሰናይት አበበ ነኝ። አባቶቻችን አይተዋወቁም፤ የእሷ አባት የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ፣ የኔው መርካቶ ልብስ ሰፊ። አበበ የሚባል ሰው በአገራችን ስንት እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ ቤት ተከራይተን ለዓመታት አብረን ኖርን። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፣ እሷ ትሥላለች። ሳሎኑን ሥዕሏ ስለያዘው እኔ ራቴን ወጥ ቤት ቆሜ ነበር የምበላው። በዚያ ላይ ቀለሙን የምትበጠብጥበት ሙጫ ሲሞቅ የተቀቀለ ቆዳ ይሸታል። "አንቺ ሴት፣ መስኮት ክፈቺ እንጂ" ስላት "አንቺ ነሽ ነጭናጫዋ፣ ሙጫው ምን አደረገ" ትለኛለች። ነጭናጫ ነኝ፣ አልክድም።

ያንን ሙጫ ያመጣችው ከጃፓን ነው። ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ያለ ሙዚየም፣ ከውጭ አገር ሠዓሊ እየጋበዘ ማደሪያ ይሰጣል፤ ሠዓሊው ደግሞ የከተማዋን ልጆች ሥዕል ያስተምራል። ሂሩት እዚያ አንድ በጋ ቆይታ ስትመለስ ዓሣ የሚበልቱ ሴቶችን፣ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎችን በወረቀት ላይ ሥላ መጣች። እኔ ሥዕል አላውቅም። ግን የሴቶቹ እጅ የሚቀዘቅዝ ይመስል ነበር።

እናቷ እማማ አስካለ ከሲያትል ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው ኬንት ውስጥ፣ የአረጋውያን አፓርታማ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሂሩት አንድ ልጃቸው ናት። የነርስነት ትምህርቷን አቋርጣ ሠዓሊ እሆናለሁ ስትል ተጣሉ። "እንግዲያው እናት የለሽም" አሏት። እሷም እልኸኛ ናት፣ "እሺ" ብላ ወጣች። ከቢከን ሂል ኬንት ምን ያህል ነው? መኪና ውስጥ ይዛችሁት የገባችሁት ሻይ ሳይበርድ ትደርሳላችሁ። ሆኖም ሳይተያዩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሂሩት በጠና ታምማ ሆስፒታል ስትገባ ኮል ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። ሲደርሱ መናገር አቁማ ነበር። እጇን ይዘው "ሂሩቴ፣ እኔ ነኝ" ይሏታል። ዓይኗን ሳትገልጥ ሄደች።

ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ። ለቅሶው ላይ ግን ወንበር ስደረድርና ውኃ ሳዞር ዋልኩ። የመጣው ሁሉ እማማን "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ይላል፤ እኔን "አንቺ ልጅ፣ ምኗ ነሽ?" ይለኛል። አብረን ነበር የምንኖረው ስል "አይ፣ ሩምሜቷ" ብሎ ውኃውን ይቀበለኛል። ተቀይሜ ነበር? አዎ፣ ተቀይሜ ነበር። ግን በማን? ማንም ክፉ አላደረገኝም። ወጉ ነው፤ የሚጽናናው የሥጋ ዘመድ ነው።

እማማ ከአርባዋ በኋላ ቤታችን መጥተው ልብሶቿን ወሰዱ። ሥዕሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደግፈው ነበር። "እነዚህን ለማየት አቅም የለኝም፣ ለጊዜው አንቺው ዘንድ ይቆዩልኝ" አሉኝ። ልብ በሉ፣ ይቆዩልኝ ነው ያሉት። ውሰጂያቸው አላሉኝም።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈው፣ አንድ ቅዳሜ ከጃፓኑ ሙዚየም ወይዘሮ ሞሪ የሚባሉ የኤግዚቢሽን አዘጋጅ መጡ። የሂሩትን ሞት ሰምተው ሥዕሎቿን በከተማዋ ለማሳየት ፈልገው ነው። በር ላይ ቆመው የፖስታ ሣጥናችንን አነበቡ፤ ሂሩት አበበ፣ ሰናይት አበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እህቷ ነሽ" አሉኝ። ጥያቄ እንኳ አልነበረም። ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

እኔ ምን አልኩ? ቃል ወጥቶኛል? ወይስ ራሴን ነቀነቅኩ? እስከ ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው አለማስተባበሌን ነው። እኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አውቶቡሴ ላይ ላሉ ፈረንጅ ልጆች ሁሉ አስረድቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ተያዘ። ሂሩት ከሞተች ወዲህ ለእኔ ብሎ አንገቱን የደፋ ሰው አላየሁም ነበር፤ እንደዚያ የሚያደርጉልኝ እህቷ ከሆንኩ ብቻ መሰለኝ። ይህን የምነግራችሁ ግን እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ሴትዮዋ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ትንሽ ባትሪ እያበሩ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እንደ ሐኪም መረመሩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። እማማ አስካለ ናቸው። ሂሩት ታማ በመጨረሻዎቹ ወራት የሣለቻቸው፣ ከልቧ አውጥታ እንጂ ፊት ለፊት አስቀምጣ አይደለም። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እግራቸው ካልሲ ለብሷል፣ ሌላው ካልሲ በእጃቸው ነው። ቀና ብለው በሩን ያያሉ። ፊታቸው ልጇ ድንገት በር ከፍታ ስትገባ ያየች እናት ፊት ነው፤ ሊስቁ ሲሉ የተያዙ። ሂሩት ያንን እየሣለች "ሲያልቅ እኔው ራሴ ወስጄ እሰጣታለሁ" ብላኛለች። ብላኛለች። እኔ ሰምቻለሁ።

ወይዘሮ ሞሪ "ቤተሰቡ ይፈቅዳል?" ሲሉ "ይፈቅዳል" አልኩ። ያንንም ሥዕል ከሌሎቹ ጋር በስስ ወረቀት ጠቅልለው ወሰዱት።

የሂሩት ሙት ዓመት ሲደርስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እማማ አስካለ በእጃቸው ጠቀሱኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሰናይት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ እንደተቀየመችኝ ነው የሞተችው? ስለኔ ምን ትልሽ ነበር?" አሉኝ። የሴትዮዋ ኑሮ በዚህ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። መልሱ አንድ ሥዕል ነበር። ሥዕሉ ግን ጃፓን ሄዷል። የት ሄደ ቢሉኝ፣ ማን ፈቀደ ቢሉኝ፣ በማን ስም ቢሉኝ? "ስለ እርስዎ አውርታኝ አታውቅም፣ እማማ" አልኳቸው። "እንዲህ ነው?" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተነሥቼ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ብሎ ሳህን ይሰበስባል?

ወደ ኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ። መግቢያው ላይ ደረቴ ላይ ነጭ የጥብጣብ አበባ ሰክተው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የከተማው ሹም ንግግር አደረጉ። ሂሩት ያስተማረቻቸው ልጆች አድገው መጥተዋል። ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች የሥራ ሽርጣቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን ሥዕሉ ላይ ፈልገው፣ እየተሳሳቁ ቆዩና ወደ እኔ መጥተው ተራ በተራ አጎነበሱ። ቋንቋውን ባላውቀውም ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ለቅሶ መድረስ ነው። ያኔ ነው ለሂሩት ያለቀስኩት። ሲያትል ውኃ ሳዞር ያልወጣልኝ ሁሉ እዚያ ወጣልኝ። ያ እንባ እውነት ነበር፣ እምላለሁ። ታዲያ የወሰድኩት የሰው ለቅሶ ነው ወይስ የራሴን ነው ያለቀስኩት? ዛሬም ግራ እንደገባኝ አለሁ።

በየክፍሉ ጥግ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ያደረጉ አሮጊቶች ተቀምጠው ሥዕል ይጠብቃሉ። የእማማ ሥዕል ያለበትን ክፍል የሚጠብቁት ሴትዮ ከወንበራቸው ተነሥተው በወይዘሮ ሞሪ በኩል አናገሩኝ። "ቀኑን ሙሉ ከእናትሽ ጋር ነው የምውለው። ደኅና ናቸው? ለምን አላመጣሻቸውም?" ነው ያሉት። ወይዘሮ ሞሪም ትርጉሙን ጨርሰው ዓይኔን ያያሉ። ደኅና ናቸው ብል፣ ይምጡ ይላሉ፣ ይጋብዟቸዋል፣ ይጽፉላቸዋል። "ሞተዋል" አልኩ። ምላሴን ምን እንደገፋው አላውቅም፤ ሞተዋል አልኩ። አሮጊቷ ወደ ሥዕሉ ዞረው እጃቸውን አጋጥመው ለሙት እንደሚደረገው ሰገዱ። በዚያች ሰዓት እማማ አስካለ ኬንት ውስጥ ምናልባት ተኝተዋል፣ ምናልባት ሽሮ እያማሰሉ ነው። ሟርት መሆኑን አውቃለሁ። በልቤ "አይድረስባቸው፣ በእኔ ይሁን" አልኩ፤ አምላክ ሰምቶኝ ከሆነም የሰማኝ በሌላ መንገድ ነው።

ስመለስ እማማን መጎብኘት ጀመርኩ። ከጸጸት ነው ወይስ ከፍርሃት፣ እሱንም አላውቅም። እሑድ እሑድ ኬንት እሄዳለሁ፣ አስቤዛ አደርሳለሁ፣ ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ። እሳቸውም "ሰናይትዬ፣ አንቺን ባይተውልኝ ምን ይውጠኝ ነበር" ማለት ጀመሩ። ጃፓን ደግሞ የክፍለ ሀገር ሙዚየሞች ኤግዚቢሽን ይቀባበላሉ ለካ። ተራራ ላይ ያለ ከተማ ፈለገው፣ ቀጥሎ ደሴት ላይ ያለ። ወይዘሮ ሞሪ በየጊዜው ሲጠይቁኝ "ኦኬ" እላለሁ። ሥዕሉ እዚያ እስካለ ድረስ እዚህ የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ነው። በዚህ መሐል የእማማ ዓይን እየደከመ ሄደ። የዓይን ግፊት ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ የጠፋው አይመለስም አሉ። ይህን ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። እየመሸባቸው መሆኑን በራሴ አፍ ነገርኳቸው፣ ያን ቀን እንኳ ሥዕሉ ይመለስ አላልኩም።

ዙሩ አልቆ ሥዕሉ ሲመለስ እማማ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ሥዕሉን በመኪናዬ ጭኜ ወሰድኩላቸው፣ ጉልበታቸው ላይ አስደገፍኩት። "ሂሩት የሣለችው ነው፣ እማማ። እርስዎን ነው የሣለችው" አልኳቸው።

"እኔን?" አሉ። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። "ምን አስመስላ?"

ነገርኳቸው። አልጋውን፣ ካልሲውን፣ በሩን።

"ፊቴስ?"

"ሊስቁ ሲሉ ነው። ልክ እሷ በር ከፍታ ስትገባ ያዩ ይመስላሉ። ሲያልቅ እኔው ራሴ ወስጄ እሰጣታለሁ ትል ነበር።"

የሥዕሉን ጠርዝ ለቀቁት። ከዚያ እጄን ፈልገው አገኙና ያዙት። "ስለኔ አውርታ አታውቅም ብለሽኝ የለ? ያኔ እውነቱን ነገርሽኝ። አሁን ዓይኔ ሲጠፋ አዘንሽልኝ። ግድ የለም ልጄ፣ ሰው ለማጽናናት ብለሽ ነው፣ እግዜርም አይቆጥርብሽ" አሉኝ።

ሥዕሉ አሁን ሳሎናቸው ተሰቅሏል። የጎረቤት ሰው ገብቶ "እማማ፣ እንዴት ያምራል፣ ሲስቁ እኮ ነው" ሲላቸው "ሰናይት አስጠንታችሁ ነው" ይላሉ። እንዲያው አንዴም ቢሆን አላመኑም። ልጃቸው ተቀይማቸው እንደሞተች እያሰቡ ይተኛሉ፣ እያሰቡ ይነሣሉ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ምን ማድረግ እንዳለብኝም አትንገሩኝ፣ አውቀዋለሁ። በሌላው ሁሉ ግራ ቢገባኝም በዚህ ግራ አልገባኝም። እማማ የሥዕሉን ነገር እንዲያምኑኝ፣ ስለ እርስዎ አውርታኝ አታውቅም ብዬ ያኔ ለምን እንደዋሸኋቸው መናገር አለብኝ፤ ጃፓኑን፣ ወንበሩን፣ ሞተዋል ማለቴን። ያን ስነግራቸው የሞተችውን ልጃቸውን ያገኛሉ፤ እኔ ግን እሑድ የምሄድበት ቤት አይኖረኝም። ወይ እሳቸው ልጃቸውን ያግኙ፣ ወይ እኔ እናት ይኑረኝ ነው ነገሩ። እስከ ዛሬ የመረጥኩት ራሴን ነው።